ጥላው የማን ነው?

ምስጋና ሁሉ ምድርን ለፍጡራኑ ለዘረጋው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና መንገዳቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ሐቅ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ግን ላይ ላዩን ሲያዩት ከዲን ጋር የማይገናኝ፣ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች ብቻ የሚጨነቁበት ሊመስል ይችላል። ይኸውም ዛፍ፣ ሣር፣ ጥላና ልጅ የሚሮጥበት ክፍት ቦታ በከተማችን ውስጥ ለማን ደረሰ፤ ለማንስ ሳይደርስ ቀረ የሚለው ጥያቄ ነው። «ሕዝቡ ዳቦና ውኃ ፍለጋ በሚንከራተትበት ጊዜ ስለ መናፈሻ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩን በኮልፌ ቀራኒዮ ሆነን ስናየው የቅንጦት ሳይሆን የሐቅ ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። እንዲህ ያልንበትን ምክንያት በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንድ ክፍለ ከተማ፣ ሁለት ጫፍ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ኮልፌ ቀራኒዮ 428,895 ነዋሪዎች ተመዝግበውበት በዚያን ጊዜ ከነበሩት 10 የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚው ነበር። ነጋዴው፣ ቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት በአንድነት የሚኖሩበት፣ ሙስሊሞችም በብዛት ከሚገኙባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ቤቱም እየተጠጋጋ ሄደ። ትናንት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ ዛሬ ታጥሯል፤ ነገ ፎቅ ይበቅልበታል።

የሰፈሮቻችንን ስም ልብ ብለን እናዳምጥ። ሎሚ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለን። ዛሬ ሎሚም ሆነ ሜዳ ፈልጎ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ቤት ከቤት ተደግፎ፣ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ ነው። አጠና ተራ የሚባል ሰፈርም አለን። ስሙን ያገኘው ከሚሸጥበት የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ በተቸገረች ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣና ከተማዋን ከመፍረስ ያዳነ ዛፍ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ዛፍን አብዝቶ የሚያየው ተቆርጦ፣ ተልጦና ግድግዳ ተደግፎ ዋጋ ሲጠየቅበት ነው።

ይህ ማለት ግን ክፍለ ከተማው አረንጓዴ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በሰሜን በኩል፣ ከጉለሌ ክፍለ ከተማ ጋር በምንጋራው ተራራ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። አገር በቀል ዛፎች የሚጠበቁበት፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሚማሩበት፣ አየሩ የሚያድስ ቦታ ነው። አላህ ላሰቡትና ለደከሙበት ሁሉ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ደግሞ ረጲ አለ፤ ሁላችንም ቆሼ እያልን የምንጠራው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተራገፈው እዚያ ነው። በቦሌ የተበላው፣ በፒያሳ የተጣለው፣ በመርካቶ የተጠረገው ሁሉ ተጭኖ የሚመጣው ወደዚሁ ነው። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በሥሩና በላዩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ከቆሻሻ ውስጥ ቆፍሮ አወጣ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። የሞቱት ግን አልተመለሱም፤ የቀሩትም ቢሆኑ በጥላ ሥር የሚያርፉበት ቦታ ተሠራላቸው ለማለት አያስደፍርም።

ልብ በሉ! በአንድ ክፍለ ከተማ ስም በአንደኛው ጫፍ 705 ሄክታር የዕፅዋት ማዕከል፣ በሌላኛው ጫፍ የመላው ከተማ ቆሻሻ ይገኛል። በመካከላቸው ደግሞ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ክፍል ቤት ተፋፍጎ ይኖራል። ከታች ያለችው እናት ልጆቿን ይዛ ላይኛው ጫፍ ለመድረስ ታክሲ መለዋወጥ አለባት። ለራሷ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ልጆች ደርሶ መልስ ስታሰላ የሳምንቱ የወጥ ወጪ ይጠፋል። በወረቀት ላይ አረንጓዴው የእርሷም ነው፤ በእውነቱ ግን አልደረሳትም። በካርታ ላይ መኖርና ለሰው መድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምንለው ስለዚህ ነው።

የጀነት ወንዝ

በሳምንቱ ቀናት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመድረሳ ከልጆች ጋር የምንውል እንደመሆናችን፣ ከሁሉ በላይ ወደዚህ ጽሑፍ የገፋን አንድ ነገር እናውጋችሁ። በመድረሳ ስለ ጀነት ጸጋዎች እያስተማርን ነበር። ቁርኣን ጀነትን ሲገልጽ ከሥሯ ወንዞች የሚፈሱባት፣ ጥላዋ የተዘረጋ፣ ፍሬዋ የማይቋረጥ አትክልት መሆኗን በብዙ ቦታ ይነግረናል። ይህን እያብራራን ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ወንዙ አይሸትም?» ሲል ጠየቀ። ማንም አልሳቀም። ከጎኑ የተቀመጡትም መልሱን እንደ እርሱ ይጠብቁ ነበር።

ልጁ የጠየቀው ለማሾፍ አልነበረም። ቤታቸው በወንዝ ዳር ነው። እርሱ የሚያውቀው ወንዝ ሌላ ወንዝ አይደለም። ከከተማችን ሰሜን ምዕራብ ተራሮች የሚነሣው ትንሿ አቃቂ ከነገባሮቹ በእኛው በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ዝቃጭ፣ የፕላስቲክ ከረጢትና የሞተ እንስሳ ይዞ ነው የሚሄደው። በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ተመራማሪዎች በአትክልቶቹ ውስጥ ለጤና የሚያሰጉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን በተደጋጋሚ አሳውቀዋል። ተራራው ላይ ሲነሣ ንጹሕ የነበረው ምንጭ በድሃው ደጅ ሲያልፍ አፍንጫ የሚያስይዝ ሆኗል።

መምህር የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ዕውቀት የሚጀመረው ከሚታወቀው ነው። ልጁ አንድ ብርቱካን ካላየ አንድ ሲደመር አንድ አይገባውም። አላህ (ሱ.ወ.) የተሰወረውን የጀነት ጸጋ ለባሮቹ ያቀረበላቸው በሚያውቁት ነገር፣ በጥላ፣ በውኃና በአትክልት ስም ነው። እንግዲህ ከተማው ከልጁ የወሰደበት የመጫወቻ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የጌታውን ቃል የሚረዳበትን ምሳሌም ነው። ወንዝ ማለት ግማት፣ ዛፍ ማለት አጠና፣ ሜዳ ማለት ደግሞ የታጠረ ግንባታ ከሆነበት ልጅ ፊት ቆሞ ስለ ጀነት ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

በሥነ ምግባርም በኩል ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ወንዶቹ ልጆች ሁለት ድንጋይ አስፋልት ላይ አስቀምጠው ጎል ያደርጋሉ፤ መኪና ሲመጣ ይበተናሉ፤ ሲያልፍ ይመለሳሉ። የሾፌሩ ስድብና የልጆቹ መልስ የሰፈሩ የዕለት ትምህርት ሆኗል። ከፍ ሲሉ ደግሞ የሚሰበሰቡበት ንጹሕ ቦታ በማጣት ወደ ጫት ቤቱና ወደ ቁማሩ ይጠጋሉ። «ወጣቱ ተበላሸ» ብለን በኹጥባ ላይ ከማማረራችን በፊት መበላሸት ለማይፈልገው ወጣት የት ሂድ ብለነው እንደሆነ እንጠይቅ። ሴቶች ልጆቻችን ደግሞ አስፋልቱም አይፈቀድላቸውም፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓዳ ነው። አረጋውያን አባቶች ከዐስር ሶላት በኋላ መግሪብን የሚጠብቁት በመንገድ ዳር አቧራ እየጠጡ ነው።

ሊቃውንቱ ምን አገኙ?

ይህ የእኛ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ጥቂት ጥናቶችን እንጥቀስ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጸረ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ የወሰዱት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሪቻርድ ሚቸልና ፍራንክ ፖፓም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእንግሊዝን ሕዝብ የጤና መዝገብ መርምረው ከዚህ የበለጠ ነገር አሳዩ። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው የሞት መጠን ልዩነት አረንጓዴ በበዛባቸው አካባቢዎች ጠበብ ብሎ፣ አረንጓዴ በሌለባቸው ደግሞ ሰፋ ብሎ ተገኘ። ይህም ማለት ዛፍና ሜዳ ድሃውን ሀብታም ባያደርጉትም ድህነቱ ጤናውን የሚጎዳበትን መጠን ይቀንሱለታል ማለት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ በ1930ዎቹ የብድር ካርታ ሲዘጋጅ ጥቁሮችና ድሆች የሚበዙባቸው ሰፈሮች በቀይ ቀለም ተከልለው ብድር ተነፈጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት 108 ከተሞችን መርምሮ እነዚያ ሰፈሮች ዛሬም ከሌሎቹ በአማካይ 2.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል እንደሚሞቁ አገኘ፤ ዛፍ አልተተከለባቸውምና። አንድ ትውልድ በወረቀት ላይ ያሰመረው በደል ለልጅ ልጅ በሙቀት ሲከፈል ማለት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤትም የከተማ ነዋሪ ሁሉ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ማለትም በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ቢያንስ የግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ ቢያገኝ እንደሚበጅ መክሯል። እኛም የየሰፈራችንን ሁኔታ በዚሁ ሚዛን እንለካው። ከበራችን ወጥተን አምስት ደቂቃ ብንራመድ የት እንደርሳለን?

የዑመር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ

ውድ አንባብያን! ይህ ጥያቄ ለእስልምና አዲስ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ ሥርና በሚመላለሱበት መንገድ ላይ መጸዳዳትን አጥብቀው ከልክለዋል። ከዚህ የምንረዳው ጥላ የሁሉም ሐቅ መሆኑን፣ እርሱን ማበላሸትም ሰዎችን መበደል መሆኑን ነው። ሙስሊሞች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውንም አስተምረዋል። መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ አዘዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ርእሳችን መልስ የሚሰጠው ግን ቡኻሪ ከዘገቧቸው ውስጥ የሚገኘው የኸሊፋው የዑመር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ነው። በዘመናቸው ሒማ የሚባል በመንግሥት የሚጠበቅ የጋራ ግጦሽ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ሁነይ የተባለውን አገልጋያቸውን የሒማው ጠባቂ አድርገው በሾሙት ጊዜ የሰዎችን መበደል እንዲጠነቀቅ፣ የተበዳይንም ዱዓ እንዲፈራ አሳሰቡት። ቀጥለውም ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲጠነቀቅ አዘዙት።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በጀነት ከተበሠሩት ታላላቅ ሶሐቦች መካከል ናቸው። ታዲያ ለምን? ምክንያቱን ኸሊፋው ራሳቸው አብራሩ። የእነርሱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ ያ ባለ ጥቂት በግ ሰው ግን ከብቱ ካለቀበት ልጆቹን ይዞ ከኸሊፋው ደጅ ይቆማል። ያን ጊዜ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወርቅና ብር አውጥቶ ከመስጠት ይልቅ አስቀድሞ ውኃና ሣር መስጠት እንደሚቀላቸው ተናገሩ።

ሱብሐነላህ! ይህ ትእዛዝ ከ1,300 ዓመታት በላይ አልፎታል፤ ነገር ግን ለዛሬው ከተማ የተነገረ ይመስላል። ሁለት ትምህርት እናገኝበታለን። አንደኛው፣ የጋራ የሆነ አረንጓዴ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው የራሱ ለሌለው ነው። ግቢው ውስጥ ሣር ያለው፣ መኪና ነድቶ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ሄዶ መዝናናት የሚችል ሰው «የሚመለስበት እርሻ» አለው። በአንድ ክፍል ቤት ስድስት ሆነው የሚያድሩት ግን ሌላ የላቸውም። ሁለተኛው፣ ሣር አስቀድሞ መስጠት ከኋላ ወርቅ ከማውጣት ይረክሳል። ዛሬ ለልጅ ሜዳ ያልሰጠ ከተማ ነገ ለሐኪም ቤት፣ ለማገገሚያና ለእስር ቤት መክፈሉ አይቀርም።

በመናፈሻው በር ላይ

ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ታላላቅ መናፈሻዎች ተሠርተዋል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍተዋል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ተጀምሯል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሣርና ዛፍ ተተክሏል። መልካምን ነገር መልካም ማለት ከሙስሊም የሚጠበቅ ነው፤ ከተማዋ ከድሮው ይልቅ አረንጓዴ ማየት ጀምራለች።

ይሁንና በየመናፈሻው በር ላይ የሁነይን ትእዛዝ የያዘ ጠባቂ ቢቆም ማንን ያስቀድም ነበር? ብለን እንጠይቅ። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። ባልና ሚስት ብቻ ቢገቡ እንኳ ገና ልጅ ሳይቆጠር፣ ታክሲና ውኃ ሳይጨመር 400 ብር ነው። «ለመንከባከቢያ ገንዘብ ያስፈልጋል» የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ አትክልት ያለ ውኃና ያለ ሠራተኛ አይኖርም። ነገር ግን ያለው ብዙ ከፍሎ፣ የሌለው በተወሰነ ቀን ወይም ሰዓት በነጻ የሚገባበትን ሥርዓት ማበጀት አይቻልምን? ዑመር (ረ.ዐ.) ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሒማውን አልዘጉትም፣ ቅደም ተከተል አበጁለት እንጂ።

ደግሞም ትልቅ መናፈሻ ሩቅ ከሆነ፣ በርካሽ ቢገባበትም ለዓመት በዓል ካልሆነ አይኬድበትም። ልጅ የሚጫወተው በየቀኑ ነው። አስፋልት ዳር የተተከለውም ሣር ውስጥ ለውስጥ ያለውን መንደር አይደርሰውም፤ ብዙውን ጊዜ «ሣሩን አትርገጡ» የሚባልበት ነውና ለዓይን እንጂ ለእግር አልተተከለም። ለኮልፌ ልጅ የሚያስፈልገው በየመንደሩ ያለች፣ እናቱ ከበሯ ሆና ልታየው የምትችል ትንሽ ሜዳና አራት አምስት ጥላ ያላቸው ዛፎች ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ከታሪክ እንውሰድ። በኒውዮርክ የሚገኘውና በዓለም የታወቀው ሴንትራል ፓርክ ሲሠራ ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ መንደር በቦታው ነበር። ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1857 መንደሩ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ተበተኑ። መናፈሻው ዛሬም የከተማው ጌጥ ነው፤ ለተነሡት ግን ጥላ አልሆናቸውም። ስለዚህ በከተማችንም አረንጓዴ በተተከለ ቁጥር «ከዚህ የተነሣው ሰው የት አረፈ? እዚያስ ዛፍ ይኖረው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም። በሰሜኑ ተራሮች ላይ ለዘመናት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ እናቶችም አሉ። ተራራው የመዝናኛ ቦታ ሲሆን የእነርሱ እንጀራ አብሮ መታሰብ አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማማረር ብቻውን ኢባዳ አይሆንም። በእጃችን ካለው እንጀምር።

በመጀመሪያ መስጂዶቻችንን እንመልከት። በየቀኑ ለውዱእ የሚፈሰው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ሳሙና የሌለበት፣ ለዛፍ የማይጎዳ ውኃ ነው። በትንሽ ቦይ ወደ ችግኝ ቢመራ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ጥላ ይሆናል። አጥሩ ውስጥ ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት ቦታ ካለም ሁሉንም በሲሚንቶ ለመሸፈን አንቸኩል። ልጆችን ከግቢ በዱላ ማባረርም ይብቃን። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ ነቢዩ አልከለከሏቸውም፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እስኪበቃት ድረስ እንድታይ ጋርደው ቆሙላት። ይህ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። የእነዚያ ሐበሾች ወገኖች የሆንን እኛ የሶላትን አደብ ጠብቀን ለልጆቻችን የግቢውን አንድ ጥግ ብንሰጥ ሱናን ተከተልን እንጂ መስጂድን አላቃለልንም።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቶች ግቢ ነው። በየሰፈሩ ሰፊው ሜዳ ያለው እዚያ ሲሆን ከትምህርት ሰዓት ውጭና በሳምንት መጨረሻ ይቆለፋል። ወላጆችና መምህራን ተረኛ ጠባቂ መድበው ቅዳሜና እሁድ ቢከፈት፣ ለሴቶች ልጆችም የራሳቸው ሰዓት ቢለይላቸው አንድ ሳንቲም የመሬት ዋጋ አይጠይቅም። እኛ መምህራን ተራችንን ለመቆም ዝግጁ ልንሆን ይገባናል።

ሦስተኛ፣ የምንተክለውን እናጽድቅ። በሐምሌ ብዙ ሰው ችግኝ ተክሎ ፎቶ ይነሣል፤ በጥር ማን አጠጣው ሲባል መልስ የለም። መትከል የአንድ ቀን፣ ማጽደቅ የሦስት ዓመት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ዛፍ ብቻ በስሙ ይዞ በጋውን ሁሉ እጅ የታጠበበትን ውኃ ቢያጠጣው ከመቶ የደረቁ ችግኞች ይበልጣል።

አራተኛ፣ አላህ ሀብት የሰጣቸው ወንድሞችና እህቶች ወቅፍን ያስታውሱ። ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ.) ደግሞ ከንብረታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን፣ በነቢዩ መስጂድ ፊት ለፊት የነበረውን በይሩሓ የተባለ የተምር አትክልት ለአላህ ብለው ሰጥተዋል። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ሜዳ ገዝቶ ወቅፍ ማድረግ ባይቻልም፣ ወረዳው ለለየው የመጫወቻ ቦታ አጥሩን፣ የውኃ መስመሩን፣ አግዳሚ ወንበሩንና የአትክልተኛውን ደመወዝ መቻል ይቻላል። ይህም ባለቤቱ ከሞተ በኋላ የማይቋረጥ ሰደቃ ነው፤ ሰዎች ከጥላው ሥር ባረፉ ቁጥር ይጻፍለታልና።

አምስተኛ፣ ሐቃችንን በሥርዓት እንጠይቅ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቋቸው የልማት ግቦች ውስጥ እስከ 2030 ድረስ ለሁሉም፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደኅንነቱ የተጠበቀ አረንጓዴና የሕዝብ ቦታ እንዲዳረስ ቃል ተገብቷል፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደምንጠይቅ «የመንደሩ ልጆች ሜዳ በፕላኑ ላይ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ብቻችንን ሆነን ሳይሆን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በእድራችን በኩል እናድርገው። ቆሼ ሲናድ ሞት አልለየንም፤ ጥላም ሊለየን አይገባም።

በመጨረሻም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት፣ ቂያማ ብትቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት አስተምረዋል። የሚተከልበት ቦታ ይኖር ዘንድ መጣርም የዚሁ ኸይር ሥራ ክፍል ነው ብለን እናምናለን። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት ከሰፈራችሁ ልጆች አንዱን «የት ነው የምትጫወተው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ይዛችሁ ወደ መስጂዳችሁ ኮሚቴ፣ ወደ እድራችሁ ወይም ወደ ወረዳችሁ ሂዱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ከሚጠብቁ፣ ለደካማው ቅድሚያ ከሚሰጡ ባሮቹ ያድርገን። በቆሼ ያለፉትን ሁሉ ቤተሰቦች ያጽናናልን። ልጆቻችንንም ንጹሕ ወንዝ በዚህ ዓለም ዓይተው የጀነትን ወንዝ የሚናፍቁ ያድርጋቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።